መንጠቆውን ከማላቀቅዎ በፊት አየሩን ያስወጡ

በፓላውና በማልዲቭስ ኃይለኛ የባሕር ፍሰት ውስጥ በስኩባ (ከሲሊንደር አየር እየተነፈሱ) ለሚጠልቁ፣ ስለ ሪፍ መንጠቆ፣ ማለትም ፍሰቱ እንዳይወስድዎ ከሪፉ (ባሕር ውስጥ ካለው የኮራል ዐለት) ጋር በገመድ ስለሚያያይዝዎ መንጠቆ፣ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት መንጠቆ ልግዛ?

መልስ፦ ጫፉ የደነዘዘ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ባለ አንድ ጥርስ ይበቃዎታል። ባለ ሁለት ጥርሱ አጥብቆ ይይዛል፣ ግን ማላቀቁ ያታግላል። ገመዱ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ይሁን፤ ካጠረ ሆድዎ ኮራሉን ይጠርጋል፣ ከረዘመ ከጎረቤት ገመድ ጋር ይተበተባል። ማያያዣውን ገመዱ ተወጥሮ እያለ በአንድ እጅ መክፈትዎን ሱቁ ውስጥ ይሞክሩት። ብዙዎቹ ማያያዣዎች የሚከሽፉት እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ገመዱን እጄ ላይ ባስረውስ?

መልስ፦ በፍጹም። የፍሰቱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚጎትትዎ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ አንጓዎ ያንን አይችልም። አየር እየተሞላ በሚያንሳፍፍዎ ጃኬትዎ ላይ፣ ወገብ አካባቢ፣ መሀል ላይ ካለ የብረት ቀለበት ጋር ያያይዙት። ከጎን ከታሰረ ያሽከረክርዎታል።

ጥያቄ፦ ብሉ ኮርነር (ፓላው ያለው የመጥለቂያ ቦታ) ላይ መንጠቆውን ስፈታ ወደ ላይ ተስፈነጠርኩ። ለምን?

መልስ፦ ታስረው ሳሉ ከሪፉ ከፍ ለማለት ጃኬትዎ ውስጥ አየር ጨምረዋል። ትርፉ አየር አልተሰማዎትም፣ ገመዱ ይዞዎት ነበርና። ሲፈቱ ግን የሚይዝዎት የለም፤ ወደ ላይ ሲወጡ የውሃው ግፊት ስለሚቀንስ፣ በ15 ሜትር ጥልቀት ላይ 3 ሊትር የነበረው አየር 5 ሜትር ሲደርሱ 5 ሊትር ይሆናል። በዚያ ላይ ሲሊንደርዎ እየቀለለ ሄዷል፤ የተለመደው 11 ሊትሩ አሉሚኒየም የአየሩ ግፊት ከ200 ወደ 70 ባር ሲወርድ 1.7 ኪሎ ገደማ ያጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለጓደኛዎ ምልክት ይስጡ። ከዚያ ወደ ሪፉ ዝቅ ማለት እስኪጀምሩ አየሩን ያስወጡ። በፊንዎ (በመዋኛ ጫማዎ) እየቀዘፉ ወይም ገመዱን እየሳቡ ወደፊት ይሂዱ፤ ገመዱ ሲላላ መንጠቆውን ያውጡ፣ ወዲያው ኪስዎ ውስጥ ይክተቱት። ተንጠልጥሎ ከቀረ ያልፈለጉት ቦታ ይይዛል። አልወጣም ካለ በጃኬቱ በኩል ፈትተው ይተዉት። የመንጠቆ ዋጋ ስንት ነውና!

ጥያቄ፦ የት ልሰካው?

መልስ፦ የሞተ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ፣ እንስሳ አለመኖሩን አይተው። ሳብ አድርገው ይፈትኑትና ገመዱን ቀስ በቀስ ይልቀቁ። ሕያው ኮራል ይሰበራል፤ ለኮራሉም ለእርስዎም ጉዳት ነው።

ጥያቄ፦ ማስኬ ውሃ ያስገባል፣ ሬጉሌተሬም (አፌ ላይ ይዤ የምተነፍስበት መሣሪያ) አየር ያፈስሳል።

መልስ፦ ፊትዎን ወደ ፍሰቱ ያቅኑ። ዞር ማለት ካስፈለገዎ ማስኩን በእጅዎ ይደግፉ። ሬጉሌተሩ ማስተካከያ ካለው ትንሽ ያጥብቁት፤ ፍሰቱ አየር የሚለቅቀውን መግፊያ እየተጫነው ነው።

ጥያቄ፦ እንደታሰርኩ ምልክት ቡይ (ያለሁበትን ለጀልባው የሚያሳይ ተንሳፋፊ) ልልቀቅ?

መልስ፦ አይሆንም። ቡዩን የሚጎትተው ፍሰት እርስዎንም ይጎትታል፤ ከፈቱ በኋላ፣ ከሪፉ ርቀው ይልቀቁት።