በእጅ የተሠሩ ጭራቆች

ልጆች፣ ስትስቁ ሰምቻለሁ። የድሮ ፊልም ላይ ዘንዶው ቆም ቆም እያለ ሲራመድ፣ አጽሙ ሰይፍ ይዞ ሲንገጫገጭ «ይሄማ አሻንጉሊት ነው!» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ አሻንጉሊት ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁም ስለዚያው አሻንጉሊት ነው።

እድሜዬን የፈጀሁት የቴአትር መድረክ በመሥራት ነው። ከእንጨት ዙፋን፣ ከጄሶ ሐውልት፣ ከወረቀትና ከኮላ የአንበሳ ጭንቅላት እየሠራሁ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ፊልም ሳይ ዓይኔ ቶሎ አክተሩ ላይ አያርፍም። «ይሄን ማን ሠራው? በምን ሠራው?» የሚለው ይቀድምብኛል። የሙያ በሽታ ነው መሰለኝ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ደግሞ በስልካችሁ ቪዲዮ ትቀርጻላችሁ፣ ታቀናብራላችሁ፣ ኢፌክት ትጨምራላችሁ። የሙያ ዘመዶች ነን ማለት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለምጽፍ ግራ እንዳይገባችሁ።

ሬይ ሃሪሃውዘን የሚባል፣ ለፊልም ጭራቅ የሚሠራ ሰው ነበር። በ1920 ሎስ አንጀለስ ተወለደ፣ በ2013 ለንደን አረፈ። በ1933፣ ገና ታዳጊ ልጅ ሳለ «ኪንግ ኮንግ»ን ሲኒማ ገብቶ አየ። ከአዳራሹ የወጣው «እንዴት አድርገው አንቀሳቀሱት?» የሚል ጥያቄ ይዞ ነው። ከዚያ ቤቱ ውስጥ አሻንጉሊት መሥራት ጀመረ። አባቱ የብረት ሥራ ያውቁ ስለነበር የአሻንጉሊቶቹን የውስጥ አጽም ሠሩለት። እናቱ ልብስ ሰፉለት። (ይህን የምታነቡ ወላጆች ካላችሁ፣ ልጃችሁ ሳሎኑን በሽቦና በስፖንጅ ሲሞላው ትንሽ ታገሡት።) ካደገ በኋላ የኪንግ ኮንግን ጎሪላ ያንቀሳቀሰው ዊሊስ ኦብራየን ራሱ ረዳት አድርጎ አሠራው።

ሥራው ስቶፕ ሞሽን ይባላል። አሻንጉሊቱ ከውስጥ እንደ ሰው የሚተጣጠፍ የብረት አጽም አለው፤ ከላይ የጎማ ሥጋ ይለብሳል። ባለሙያው እጁን ትንሽ ያንቀሳቅስለትና አንድ ፎቶ ያነሳል። እንደገና ትንሽ ያንቀሳቅሳል፣ አንድ ፎቶ ያነሳል። ፊልም በሰከንድ 24 ፎቶ ነው። አንድ ሰከንድ ለማግኘት 24 ጊዜ መነካካት ነው እንግዲህ።

አሁን በ1963 የወጣውን «ጄሰን ኤንድ ዘ አርጎኖትስ» አስቡት። መጨረሻው ላይ ሰባት አጽሞች ከሦስት ሰዎች ጋር በሰይፍ ይዋጋሉ። እያንዳንዱ አጽም ጭንቅላት፣ ሁለት እጅና ሁለት እግር አለው። ለአንድ ፎቶ 35 ነገር መንካት ያስፈልጋል። ያውም ከመሃል አንዱን አጽም ወደየት እየዞረ እንደነበር ከረሳኸው አለቀልህ፣ የቀኑ ሥራ ተበላሸ። ሃሪሃውዘን በቀን 13 ፎቶ ገደማ ብቻ የሚያነሳበት ጊዜ ነበር። ግማሽ ሰከንድ ያህል ናት። አራት ደቂቃ ገደማ ለሚሆነው ፍልሚያ አራት ወር ተኩል ፈጀበት። ያንቀሳቀሰውም ብቻውን ነው።

አክተሮቹስ? ጣሊያን ውስጥ መጀመሪያ ከእውነተኛ ሰዎች ጋር ፍልሚያውን እንደ ጭፈራ ተለማመዱት። ከዚያ የአጽሞቹን ቦታ የያዙት ሰዎች ገለል አሉና አክተሮቹ ብቻቸውን ከአየር ጋር ተዋጉ። ሰይፉን የሚያቆምላቸው ነገር ስለሌለ ልክ አጽሙ የሚመታበት ቦታ ላይ ራሳቸው ማቆም ነበረባቸው። ሞክሩት እስቲ። ዱላ ያዙና በሙሉ ጉልበት ሰንዝራችሁ ግድግዳ እንዳገኘ ሰው አየር ላይ አቁሙት። ክንዳችሁ ይነግራችኋል።

ሰውና አሻንጉሊት አንድ ሥዕል ውስጥ የሚገናኙበት መንገድም በጣም ይገርመኛል። የአክተሮቹ ፊልም ከኋላ ትንሽ ስክሪን ላይ ይበራል። አሻንጉሊቱ ከስክሪኑ ፊት ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። ጠረጴዛው እንዳይታይ ደግሞ ካሜራው ፊት ባለ መስታወት ላይ ያ ክፍል በጥቁር ቀለም ይሸፈናል። ቀረጻው ሲያልቅ ፊልሙ ወደ ኋላ ይጠቀለልና የተሸፈነው ክፍል ብቻ ለብቻው ይቀረጻል። በዚህ መንገድ አጽሙ ከፊቱም ከኋላውም መሬት ያለው ሆኖ ይወጣል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ውጤቱን ወዲያው የሚያይበት ሞኒተር የለውም። የሚያየው ፊልሙ ታጥቦ ሲመለስ ነው። እስከዚያው በልቡ ተማምኖ መቀጠል ብቻ።

ታዲያ ውበቱ የቱ ላይ ነው? እውነት ስለሚመስል አይደለም። አይመስልማ። የዛሬ የኮምፒውተር ዘንዶ በእውነት መምሰል ከሆነ እነዚያን በዝረራ ያሸንፋቸዋል። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ ፎቶ ላይ አንድ ሰው አስቦ ወስኗል። «ክንዱ እዚህ ይሁን፣ አንገቱ በዚህ በኩል ይዘንበል» ብሏል። በአጋጣሚ የገባ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ቢገባም እንኳ የእጅ ሥራ መሆኑን ያጋልጣል። የኪንግ ኮንግ አሻንጉሊት ቁመቱ ግማሽ ሜትር ገደማ ነበር፤ ፀጉሩ የጥንቸል ነበር። ባለሙያዎቹ በነኩት ቁጥር ፀጉሩ ይዛባል። ፊልሙ ላይ ጎሪላው ቆሞ እያለ ሰውነቱ ላይ ፀጉሩ ሲርገበገብ ታያላችሁ። ነፋስ አይደለም፣ የሰው ጣት ነው። ሰባኪ መምሰል አልፈልግም እንጂ፣ ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ለውሳኔ የምወደው ምሳሌ ታሎስ ነው። እዚያው የ1963ቱ ፊልም ላይ ያለ ግዙፍ የነሐስ ሰው ነው። የተረቱ ጉልበተኛ ሄርኩለስ ከሐውልቱ ሥር ካለው የሀብት ክፍል ዕቃ ሰርቆ ይወጣል። ከላይ ሐውልቱ ተንበርክኮ ተቀምጧል። ጸጥታ ነው። ከዚያ ሲጢጥ የሚል የብረት ድምፅ፣ ከዚያ ጭንቅላቱ ቀስ ብሎ ይዞራል። በቃ። አንድ ጭንቅላት ዞረ። ዛሬ ቢሆን ፍንዳታ፣ የሚሽከረከር ካሜራ፣ ጆሮ የሚበጥስ ሙዚቃ ይጨመርበት ነበር። ታሎስ ሲራመድ ግትር ነው። ያ ከችሎታ ማነስ የመጣ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ሃሪሃውዘን ግን አውቆ ነው ያገተረው፤ ነሐስ እንደ ድመት አይሄድማ! ሲሞት ደግሞ ተረከዙ ላይ ያለው ክዳን ይከፈትና በውስጡ ያለው ፈሳሽ ይወጣል። እሱ ጉሮሮውን ይዞ አየር ያጣል። ፊቱ የማይለዋወጥ የነሐስ ሐውልት ነው፤ ግን ያሳዝናል። አንድም ቃል ሳይናገር።

ምክሬ እንግዲህ ከዚህ ነው የሚነሳው። ሶፍትዌሩን ከመክፈታችሁ በፊት ወስኑ። ጭራቁ ምን ያህል ይከብዳል? ምን ይፈልጋል? ያያችሁት እንደሆነ መጀመሪያ የሚነቃነቀው የትኛው አካሉ ነው? አሁን በእጃችሁ ያለው መሣሪያ ሁሉንም ነገር በአንዴ ይሰጣችኋል። ሺህ ጭራቅ ብትጠይቁ ሺህ ይሰጣችኋል። ችግሩ እዚያ ነው። አንድ ፎቶ 35 ጊዜ መንካት የሚጠይቀው ሰው የማያስፈልግ አጽም አይጨምርም። እናንተን የሚከለክል ነገር ስለሌለ ራሳችሁ መከልከል አለባችሁ፤ ይህ ደግሞ ከጎማ አሻንጉሊት የበለጠ ከባድ ነው።

ግን የድሮ ሁሉ ወርቅ ነው ብዬ አላታልላችሁም። ብዙዎቹ ቀሽም ናቸው። ንግግራቸው ደረቅ፣ ፍቅራቸው የግድ፣ አንዳንዱ ጭራቅ ጀርባው ላይ ዚፑ ሊታይ ምንም አልቀረው። ሌላም ነገር አለ። በ1958 የወጣው የሃሪሃውዘን የሲንባድ ፊልም ባግዳድ ነው የሚለን፤ የተቀረጸው ስፔን ነው፣ ዋናዎቹ ተዋንያንም ፈረንጆች ናቸው። በ1981 የወጣው ሌላው ሥራው «ክላሽ ኦቭ ዘ ታይታንስ» ላይ ደግሞ አንድሮሜዳ የምትባል ልዕልት አለች። የግሪኮች ተረት አባቷ ኬፌዎስ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው ይላል። ግሪኮች ኢትዮጵያ ያሉት አገር የዛሬው ካርታችን ላይ ልክ አይገጥም ይሆናል፤ ቢሆንም ተረቱ እንዲያ ነው። ፊልሙ ግን ልጅቷን ወደ ኢዮጴ ወሰዳትና ነጭ እንግሊዛዊት ተጫወተቻት። እጃቸውን አድንቁ፣ ዓይናቸውን ግን አትዋሱ።

ደግሞ ለተረት ምን ቸገረን? የአክሱሙን አርዌ ታውቁታላችሁ፣ ንጉሥ ሆኖ ፍየልና ልጃገረድ ይገበርለት የነበረውን ዘንዶ። ሠዓሊዎቻችን የንግሥተ ሳባን ታሪክ በቆዳና በሸራ ላይ በተርታ ሣጥን ሣጥን እያደረጉ ሲሥሉት ብዙ ጊዜ ከእሱ ይጀምራሉ። ዘንዶው ይበላል፣ ሰውየው መርዝ ያዘጋጃል፣ ፍየሏን ያበላታል፣ ፍየሏን ዘንዶው ይውጣታል። ፊልም ሠሪዎች ከቀረጻ በፊት የሚሥሉት ስቶሪቦርድ ማለት ይሄው ነው። ተሠርቶ ተቀምጦላችኋል። ዘንዶ ደግሞ እግር ስለሌለው ለጀማሪ ምቹ ነው።

መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ ወፈር ያለ ሽቦ፣ የፍራሽ ስፖንጅና ኮላ ይበቃችኋል። ስልካችሁን እንዳይነቃነቅ አድርጋችሁ አስሩት። ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉት። መጋረጃ ዝጉና በአምፖል ብቻ ሥሩ፤ በመስኮት ብርሃን ከሠራችሁ ደመና ባለፈ ቁጥር ቪዲዮው ብልጭ ድርግም ይላል። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ከጎረቤት መጠየቅ ነው ሌላው ጥበብ። በሰከንድ 24 ፎቶ ካስፈራችሁ በ12 ጀምሩ፣ እያንዳንዱን ሁለቴ ታሳዩታላችሁ። ከባድ ነገር ሲነሳ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ሲቆምም ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ እርምጃውን አሳጥሩት። ከሁሉ በፊት ግን ራሳችሁ ተነስታችሁ ተጫወቱት። ሰው ካየ ይስቅ።

«ይሄ እውቀት ነገ ምን ይሠራልኛል፣ ሁሉም ኤአይ ሆነ» የምትሉ አትጠፉም። ፊል ቲፔት የተባለውን ሰው ልንገራችሁ። የስቶፕ ሞሽን ባለሙያ ነው፣ ለ1993ቱ «ጁራሲክ ፓርክ» ዳይነሰሮቹን በአሻንጉሊት ሊያንቀሳቅስ ተቀጠረ። ከዚያ የኮምፒውተር ሙከራው መጣ። ሲያየው እኔም እንደ ዳይነሰሮቹ መጥፋቴ ነው አለ። የፊልሙ ዳይሬክተር ስፒልበርግ ግን አላሰናበተውም። ኮምፒውተሩን የሚነኩት ልጆች ፕሮግራም እንጂ እንስሳ እንዴት እንደሚራመድ፣ ክብደቱ የቱ እግር ላይ እንደሚያርፍ አያውቁም ነበር። ቲፔት ያውቅ ነበር። እንቅስቃሴውን የሚለካ መሣሪያ የተገጠመለት የብረት አጽም ተሠራና፣ ባለሙያዎቹ በእጃቸው ሲያንቀሳቅሱት ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ዳይነሰር አብሮ ተንቀሳቀሰ። በነገራችን ላይ እዚያው ፊልም ውስጥ ዝናብ ላይ ያለው ትልቁ ዳይነሰር ብዙ ቦታ እውነተኛ ማሽን ነው። የስፖንጅ ቆዳው ውኃ ጠጥቶ እየከበደ ይንቀጠቀጥ ስለነበር በየመሃሉ ያደርቁት ነበር።

ማየት ለምትፈልጉ ከ1963ቱ ጀምሩ፣ ከዚያ የ1958ቱን ሲንባድ እዩ። አንድ ዓይና ሳይክሎፑ ሲናደድ ትከሻውን ተመልከቱ። በ1982 የወጣው «ዘ ዳርክ ክሪስታል» አንድም የሰው ፊት የሌለበት የአሻንጉሊት ፊልም ነው። ሥራው ግሩም ነው፣ ግን ዝግ ያለ ስለሆነ እንቅልፍ ሲመጣባችሁ አትክፈቱት። በ1984 ጀርመን የተሠራውን «ዘ ኔቨርኤንዲንግ ስቶሪ» ከትናንሽ እህትና ወንድሞቻችሁ ጋር እዩት። ፈረሱ ረግረጉ ውስጥ የሚሰምጥበት ቦታ ላይ ግን አጠገባቸው ሁኑ። የ1981ዱን «ክላሽ» ስታዩ ፀጉሯ እባብ የሆነውን የሜዱሳን ክፍል መብራት አጥፍታችሁ ነው። በእሳት ብርሃን ነው የተሠራችው፣ ከአምድ ጀርባ በክንዷ ራሷን መሬት ላይ እየጎተተች ስትመጣ ጅራቷ መጀመሪያ ይሰማል። ያንን ያየ ሰው በ2010 እንደገና የተሠራውን «ክላሽ» ለምን እንደማልወደው አይጠይቀኝም። የ1981ዱ ላይ ያለችውን የብረት ጉጉት ግን ዝለሏት። እኔም እሷን አልከላከልላችሁም።