ዕድሜ የገፋው የዲቪዲ መቅጃ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከደሴ ፒያሳ ነው። የዲቪዲ መቅጃዬ የቆዩ ዲስኮችን በደንብ ያጫውታል፤ አዲስ ሲቀዳ ግን መሃል ላይ ያቆማል። የልጄ ሠርግ የተቀዳበት ዲስክም በጎረቤት ማጫወቻ ሊከፈት አልቻለም።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መቅዳት ከማጫወት እጅግ የበለጠ የሌዘር ኃይል ስለሚጠይቅ፣ በዕድሜ የደከመ ሌዘር ማንበብ እየቻለ መጻፍ ሊያቅተው ይችላል፤ ሆኖም ሌላ ዓይነት ባዶ ዲስክ ይሞክሩ፣ ሌንሱንም በማጽጃ ዲስክ ያጽዱ። ከሁሉ በላይ ያሳሰበን የሠርጉ ዲስክ ነው። ከቀረጻ በኋላ «ፋይናላይዝ» ያልተደረገ፣ ማለትም በሌሎች ማጫወቻዎች እንዲነበብ በመጨረሻ ያልተዘጋ ዲስክ ከቀዳው መሣሪያ ውጭ በአብዛኛው አይነበብም፤ ይህ ሥራ ራሱም በዲስኩ ላይ መጻፍ ስለሆነ፣ በደከመ ሌዘር ከመጀመርዎ በፊት፣ እባክዎ፣ መቅጃው ማንበብ እየቻለ ሳለ ሠርጉን ከቪዲዮ መውጫው ከኮምፒውተር ጋር በሚገናኝ የቪዲዮ መቅረጫ መሣሪያ አማካይነት ወደ ኮምፒውተር ያስተላልፉ።