ለቤት ውስጥ ፒክልቦል ሜዳ መብራት ልትገዛ ላሰብከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ዌርሃውስ (መጋዘን) ተከራይተህ አራት የፒክልቦል (ቴኒስ መሰል፣ በፕላስቲክ ኳስ የሚጫወቱት ጨዋታ) ሜዳ ልትከፍት እንደሆነና ባለ 240 ዋት ክብ ኤልኢዲ በርካሽ እንዳገኘህ ጽፈሃል። ካልከፈልክ እባክህ አትክፈል። እኔና ሸሪኬ ሜሪላንድ ውስጥ እንዳንተው ዌርሃውስ ይዘን ነው የጀመርነው፤ ያንኑ ክብ መብራት ሰቅለን ያየነውን አንተ እንድታየው አልፈልግም።

1. በዋት አትግዛ። ሻጩን ሜዳው ላይ ስንት ፉትካንድል (ወለሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ) እንደሚያርፍ ጠይቀው። ለመዝናኛ 30 ይበቃል፤ ከፍሎ ለሚጫወት ሰውና ለውድድር ግን ወደ 50 መጠጋት አለበት፣ በሉክስ 540 ገደማ ማለት ነው። እኩል መዳረሱም ዋና ነገር ነው፤ የደመቀው ቦታ ከደበዘዘው በእጥፍ ከበለጠ ኳሷ መሃል ላይ ትጠፋባቸዋለች። ይህንን በወረቀት የሚያሳይ የብርሃን ፕላን ይሥሩልህ። ደህና ሻጭ በነፃ ይሠራዋል። የማይሠራ ከሆነ ሌላ ፈልግ።

2. ከሜዳው በላይ ምንም አትስቀል። የእኛ ሻጭ ግን ክቦቹን ልክ ከመረቡ በላይ ደረደራቸው። እኔ ያኔውኑ «ሰው ሎብ (ከፍ ብላ የምትመጣ ኳስ) ሲመታበት ወዴት ነው የሚያየው?» ብዬ ተከራክሬ ነበር፤ «ይለምዱታል» አለኝ። በተከፈትን ሰሞን አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ ደንበኛችን ሎብ ሊመልሱ ቀና ሲሉ መብራቱ ዓይናቸውን ወጋቸው። በግራ እጃቸው ግንባራቸውን ከልለው ቆሙ፣ ኳሷ ትከሻቸው ላይ አረፈች። ፕላስቲክ ስለሆነች አልጎዳቻቸውም፤ ግን ራኬታቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ወጡ፣ አብረዋቸው የሚጫወቱትም ቀሩ። ሻጩ ጋ ስንደውል «የተሰቀለ ዕቃ አንመልስም» ብሎ ዘጋብን። ያ ገንዘብ እስካሁን ይቆጨኛል።

መፍትሔው ይኸውልህ። ሜዳው 20 በ44 ጫማ ነው። መሮጫውን ጨምረህ ለእያንዳንዱ 34 በ64 ከመደብክ በሁለት ሜዳዎች መካከል 14 ጫማ ይተርፍሃል። ክቡን ትተህ ረጃጅም መብራቶች ግዛና እዚያ ክፍተት ላይ፣ ከጎን መስመሩ ጋር ትይዩ አድርገህ ስቀል። ተጫዋቹ ወደ መረቡ ዞሮ ቀና ሲል መብራት ፊት ለፊት አይገጥመውም። እኛ ጣሪያውን ነጭ ቀብተን የብርሃኑን ከፊል ወደ ላይ አዞርነው፤ ከጣሪያው ተመልሶ ለስለስ ብሎ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ጥቂት ብርሃን ስለሚባክን ሉመኑን (መብራቱ የሚያወጣውን የብርሃን መጠን) ከፍ አድርገህ እዘዝ። አሁን ከሌላ ክለብ የመጡ ተጫዋቾች ሳይቀሩ መብራቱን ማን እንደሠራው ይጠይቁኛል፤ እኔ ነኝ የሠራሁት እላቸዋለሁ።

3. ሪቤት። በብዙ ቦታ የኤሌክትሪክ ኩባንያው ከዋጋው የተወሰነውን ይመልስልሃል፤ መብራቱ ግን ዲኤልሲ በሚባለው ድርጅት የጸደቁ መብራቶች ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት፣ ብዙ ጊዜም ከመግዛትህ በፊት ማጽደቅ አለባቸው። እኛ አስቀድመን ደውለን ጠይቀናል። «ግዙና ደረሰኝ ላኩ» አሉን። ደረሰኙን ስንልክ «ቅድመ ፈቃድ የላችሁም» ብለው መለሱት። የተባልነውን ላስረዳት ስሞክር ሠራተኛዋ «እንግሊዝኛ የሚችል ሰው የላችሁም?» አለችኝ። በዚህ አገር ግብር እየከፈልኩ፣ ሰው ቀጥሬ እያሠራሁ! ለሁለተኛው ግዢ ስልኩን ትቼ እያንዳንዱን ጥያቄ በኢሜይል ላክሁ። መልሳቸው በጽሑፍ ስለነበር ሊክዱ አልቻሉም፣ ቼኩም መጣ። አንተም በስልክ የሚነግሩህን ሁሉ «በኢሜይል ላኩልኝ» በል።

የቀረው ቀላል ነው። ዌርሃውሱ 277 ቮልት ሊሆን ስለሚችል ከማዘዝህ በፊት ኤሌክትሪሻንህ ያረጋግጥ። የብርሃኑ ቀለም ከ4000 እስከ 5000 ኬልቪን (ነጭ ብርሃን) ይሁን። ርካሽ ድራይቨር (ለኤልኢዲው ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ብርሃኑን ስለሚያርገበግብ ፈጣን ኳስ የተቆራረጠች ትመስላለች፤ «ፍሊከር ፍሪ» (የማይርገበገብ) የሚል በጽሑፍ ካልሰጡህ አትቀበል። ግድግዳውን ጠቆር ባለ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀባው፤ ቢጫዋ ኳስ ጎልታ ትታያለች።

የጣሪያህን ከፍታና የምሰሶዎቹን ርቀት እዚሁ ጻፍልኝ። ሻጩ ፕላኑን ሲልክልህም ከመፈረምህ በፊት አሳየኝ፣ አብረን እናየዋለን።