ጥያቄና መልስ፦ ቤተ ክርስቲያንን በሙያዬ አገለግላለሁ፤ ቤቴ ግን ተጎዳ

ጥያቄ፦

መምህር፣ እንደምን አሉ? የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። በመሥሪያ ቤታችን በየተራ ተረኛ እንሆናለን። ተረኛ ስሆን ሲስተሙ ከተበላሸ ሌሊትም ይሁን እሑድ ጠዋት ኮምፒውተሬን ከፍቼ ማስተካከል አለብኝ። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቅዳሴውን በቀጥታ ስርጭት የማስተላልፈው እኔ ነኝ። የምእመናን መዝገብም ሆነ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ በእኔ እጅ ነው። ጎረቤቱም ዘመዱም ስልክ ወይም ላፕቶፕ ሲበላሽበት ወደ እኔ ይመጣል። ባለቤቴ በቅርቡ «ለሁሉም ትደርሳለህ፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ድካምህ ብቻ ነው» አለችኝ። ተረኛ ሆኜ ቅዳሴ ሲያመልጠኝ ኃጢአት ይሆንብኛል? ያን ቀን በስልኬ ብከታተለውስ እንዳስቀደስኩ ይቆጠርልኛል? በነፃ የምሠራው ሥራ ከአሥራት ይታሰብልኛል? ከአገልግሎቱ ብቀንስ እግዚአብሔርን ማሳዘን ይሆንብኛል?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከአንተና ከቤተሰብህ ጋር ይሁን። አራት ጥያቄ ጠይቀኸኛል። ከአራቱም በፊት ግን የባለቤትህን ንግግር ላንሣ። እንደ ጥያቄ አልጻፍከውም፤ ለእኔ ግን የደብዳቤህ ልብ እሱ ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው ጥያቄህ እጀምራለሁ።

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18ን ክፈት። ይህን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ የምናነሣው የዮቶርን ምክር ለማስተማር ነው። አጀማመሩን ግን ቶሎ እናልፈዋለን። ዮቶር ወደ ሙሴ የመጣው ብቻውን አልነበረም። የሙሴን ሚስት ሲፓራንና ሁለቱን ልጆች ይዞ ነው የመጣው። ሙሴ ቀደም ሲል ወደ አባቷ ቤት መልሷት ነበር። አሁን በምድረ በዳ፣ በእግዚአብሔር ተራራ አጠገብ ቤተሰቡ እንደገና ተገናኘ። ሙሴ አማቱን ሳመው፣ ደኅንነት ተጠያየቁ፣ ወደ ድንኳን ገቡ። በነጋውስ? ሙሴ በሕዝቡ ሊፈርድ ተቀመጠ። ሕዝቡም ከጥዋት እስከ ማታ በዙሪያው ቆሞ ዋለ። ሚስቱና ልጆቹ እኮ ገና መምጣታቸው ነው።

ዮቶር ይህን አይቶ ዝም አላለም። «አንተ የምታደርገው ይህ ነገር መልካም አይደለም» አለው። ልብ በል፤ ሙሴ የእግዚአብሔርን ሥርዓት ለሕዝቡ እያስታወቀ ነበር። ከዚህ የሚበልጥ አገልግሎት ከየት ይመጣል? ሆኖም «መልካም አይደለም» ተባለ። ሥራው ቅዱስ ነበር፤ ብቻውን መያዙ ግን እሱንም ሕዝቡንም የሚያደክም ሆነ። ሙሴም የአማቱን ቃል ሰማ። የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆችን ሾመ። ከባዱ ነገር ብቻ ወደ እሱ ይመጣ ጀመር። ከአገልግሎቱ ስለቀነሰ የወረደበት ተግሣጽ የለም። አንተም ብትቀንስ እግዚአብሔር አያዝንብህም።

እንዲያውም የሚያስፈራው ሌላው ነው። በጌታ ዘመን አንዳንዶች ለእናት አባታቸው የሚገባውን ገንዘብ «ይህማ ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው» እያሉ ያስቀሩ ነበር። ጌታም በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የእግዚአብሔርን ቃል ትሽራላችሁ ብሎ ገሠጻቸው። ከሌላ ሰው ድርሻ ተነሥቶ የሚሰጥ ስጦታ እንዲህ ይከብዳል። የልጅህ ምሽት የልጅህ ነው። ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ልትሰጠው አትችልም፤ ያንተ አይደለምና። የሚስትህም እንደዚሁ። ቅዱስ ጳውሎስ ኤጲስ ቆጶስ የሚሆነውን ሰው ሲመዝን ቤቱን ነው የጠየቀው፤ የራሱን ቤት ማስተዳደር የማያውቅ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይጠብቃታል ይላል። ለጳጳስ የሚሆን መመዘኛ ለካሜራ አገልጋይ ይበዛል አትበለኝ።

አንድ ነገር በግልጽ ልንገርህ፤ ቅር አይበልህ። በቤተ ክርስቲያን «እግዚአብሔር ይስጥልን» የሚልህ ብዙ ነው። ስልኩን ያስተካከልክለትም መርቆህ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ግን ልጅ ስላስተኛህ ማንም አያመሰግንህም። የሰው ልብ ደግሞ ወደሚመሰገንበት ያዘነብላል። ይህ ፈተና ዘማሪውንም፣ ሰባኪውንም፣ እኛ አስተማሪዎቹንም ያገኘናል። ስለዚህ «ለእግዚአብሔር ነው የምሠራው» ስትል ልብህን በደንብ መርምረው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ምእመናንን ቤታችሁን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አድርጉት እያለ ያስተምር ነበር። የዚያች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አንተ ነህ። እዚያ ተተኪ የለህም፤ ለካሜራው ግን ይገኝለታል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ላይ ስለ እግዚአብሔር ቃል «ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው» ይላል። ይህ የሚሆነው ከልጆቹ ጋር የሚቀመጥ አባት ሲኖር ነው። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ስክሪን ላይ የተከለ አባት ገና ቤት አልገባም።

እንግዲህ ምን ታድርግ? በሥራህ ዓለም የምታውቀውን ወደ ደብርህ አምጣው። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሲስተም አደጋ መሆኑን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ነገ ብትታመም ስርጭቱን ማን ይከፍታል? የይለፍ ቃሉ የት ነው? የምእመናኑ መዝገብ ቅጂ አለው? ይህን ሁሉ ጽፈህ ለሰበካ ጉባኤው አስረክብ። ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች መካከል ፍላጎት ያላቸውን ለይተህ አሠልጥን። የማደሪያውን ድንኳን ሥራ የመራውን ባስልኤልን አስታውስ። እግዚአብሔር የጥበብን መንፈስ ሞላበት፤ በዘጸአት ምዕራፍ 35 ደግሞ እሱና ኤልያብ ሌሎችን እንዲያስተምሩ በልባቸው እንዳሳደረ ተጽፏል። ለእጅ ሥራ የተሰጠው ጸጋ ከማስተማር ጋር ነበር የተሰጠው። ወጣቶቹ መጀመሪያ ላይ ይሳሳታሉ። ድምፁ ይቆረጣል፣ ምስሉ ይደበዝዛል። ታገሣቸው፤ ዘለህ አትቀማቸው።

ባስልኤልን ካነሣሁ አይቀር፣ ሙያህን ዓለማዊ ነው ብለህ አትናቀው። ታላቁ አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ በከተማ የሚኖር የሚተካከለው ሰው እንዳለ ተገለጠለት። ሰውየው ሐኪም ነበር። ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድሆች ይሰጣል፤ በየቀኑም ከመላእክት ጋር «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ» እያለ ያመሰግናል። ሙያውን አልተወም፤ ወደ በረሃም አልወጣም። ይህን ታሪክ ደክሟቸው ለሚመጡ ባለሙያዎች ሁሉ ብነግር ደስ ይለኛል።

ወደ ቅዳሴው እንምጣ። በስልክ መከታተል ማስቀደስ ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም። ሠርግን በቪዲዮ ያየ ሰው ሠርጉ ላይ ነበርኩ አይልም። ቅዳሴ የሕዝቡ ድርሻ ያለበት ጸሎት ነው። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ተነሥቶ «እግዚኦ ተሣሃለነ» የሚለው ሕዝቡ ነው። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል «ምስለ መንፈስከ» ብሎ የሚመልሰው በዚያ የቆመው ነው። ከሁሉ በላይ ሥጋ ወደሙን በስክሪን መቀበል አይቻልም። ስርጭቱ ለታመመ፣ ለአረጋዊ፣ ለአራስ እናት ትልቅ መጽናኛ ነው። ለእነሱ ስትል መልካም ሥራ ሠርተሃል። ተረኛ ሆነህ ቤት በቀረህበት እሑድም ብትከፍተው ጥሩ ነው፤ ጸሎት ነውና ይጠቅምሃል። ግን አስቀደስኩ ብለህ አትዝጋው። በሚቀጥለው ጊዜ ለመቆም ናፍቀህ ጠብቅ።

ያልጠየቅከኝን ደግሞ እኔ ልጨምር። ካሜራ ይዘህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስትሆንስ ታስቀድሳለህ? አካልህ እዚያ ነው። ዓይንህ ግን ባትሪው ላይ፣ ጆሮህ ድምፁ ላይ፣ ልብህ ኔትወርኩ ላይ ነው። እንዲህ እያለ ወራት ካለፈ፣ በእያንዳንዱ ቅዳሴ ተገኝተህ አንድም አላስቀደስክም ማለት ነው። ስለዚህ በተራ ይሁን። ካሜራውን በቅኔ ማኅሌት አንድ ቦታ ላይ አቁሙትና ተዉት፤ መዞሩ አንተንም ሌላውንም ይረብሻል። ለመቁረብ በተዘጋጀህበት ቀን ደግሞ መሣሪያውን ጨርሶ አትንካ። ያን ቀን ከባለቤትህና ከልጆችህ ጋር ቁም። ልጆች አባታቸው ሲሰግድ ሊያዩት ይገባል። ይህ በቃል አይተካም።

ተረኛ ሆነህ ቅዳሴ ስለሚያመልጥህ ጉዳይ ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 የጠየቀው ጥያቄ አለ። አህያው ወይም በሬው በሰንበት ጉድጓድ ቢወድቅ ወዲያው የማያወጣው ማን ነው? የሆስፒታል መዝገብ ሥራ ካቆመ፣ ሰዎች ደመወዛቸውን ማውጣት ካልቻሉ፣ ያ በእርግጥ በሬ ነው። ሂድና አውጣው፤ ኃጢአት አይሆንብህም። ነገር ግን ስልክህ ላይ የሚጮኸው ማሳወቂያ ሁሉ በሬ አይደለም። አንዳንዱ ሰኞ ጠዋት ቢስተካከል ማንም የማይጎዳበት ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። አለቃህንም በትሕትና አነጋግረው። የእሑድ ጠዋትህን ከባልደረባህ ጋር ተለዋወጥ፤ የእሱን ከባድ ሌሊት ደግሞ አንተ ያዝለት። ካልሆነ፣ እኛ የምናከብረው ሰንበት ሁለት ነው፤ ቀዳሚትም አለች። በክብረ በዓላትና በአጽዋማትም ቅዳሴ ይቀደሳል። እሑድ ያመለጠህ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋብኝ አትበል። ተራውን ሆን ብሎ እሑድ ላይ እያደረገ ቅዳሴውን የሚሸሽ ሰው ካለ ግን የእሱ ነገር ሌላ ነው። ያ ንስሐ ያስፈልገዋል።

በሥራ ቀን ስለ መጸለይም ጥቂት ልበል። ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ሦስቱ ብዙውን ጊዜ በሥራ ሰዓትህ ላይ ይውላሉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት ነው። 6 ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ 9 ሰዓት ደግሞ ነፍሱን በፈቃዱ የሰጠበት ነው። ለሰርቨር የሚጮኸው ስልክህ ለእነዚህ ሰዓታትም ይጩህ። ወንበርህ ላይ ሆነህ አቡነ ዘበሰማያት ለመድገም ብዙ ጊዜ አይፈልግም። የተሟላውን ጸሎት ጠዋትና ማታ በቤትህ ከቤተሰብህ ጋር አድርስ። ማታ ማታ ሁለታችሁም ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡና ልጆቹን ይዛችሁ ቁሙ።

ጎረቤትና ዘመድ መርዳትህ ምጽዋት ነው፤ አታቋርጠው። ግን ሰዓት አበጅለት። ቅዳሜ ከሰዓት ካልክ ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን። ሰው ይለምደዋል። አንድ ብርቱ አደራ ደግሞ አለብህ። በምትጠግነው ስልክ ውስጥ የሰው ደብዳቤ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ገመና አለ። አትክፈት፤ በአጋጣሚ ያየኸውም አንተ ጋ ይቅር። ለባለቤትህም ቢሆን አትንገር። የምእመናን መዝገብም ቀላል ነገር አይደለም። ማን ምን ያህል እንደሰጠ፣ ማን እርዳታ እንደሚቀበል፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር የሚያሳይ ነው። ለማንም እንዳይከፈት ቆልፈው። ስታስረክብም ለታመነ ሰው ብቻ አስረክብ። «ስልክ ቁጥሩን ላክልኝ» ለሚል ሁሉ አትላክ።

አሥራቱን በአጭሩ፤ አይታሰብልህም። አሥራት ከምታገኘው ገቢ የሚወጣ የእግዚአብሔር ድርሻ ነው። በጉልበትህና በእውቀትህ የምታገለግለው በዚያ ላይ የሚጨመር ፍቅር ነው። አንዱን በሌላው አታጣፋ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ደግሞ ትልቅና ረጅም ሥራ ስታሠራህ ተመጣጣኝ ክፍያ ብትከፍልህ ነውር የለበትም። ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል ያለው ጌታ ነው።

ቀኖናን በጽሑፍ አልሰጥህም፤ ያ የንስሐ አባትህ ሥልጣን ነው። ወደ እሳቸው ስትሄድ ግን ብቻህን አትሂድ፤ ባለቤትህን ይዘህ ሂድ። አገልግሎቶችህን ሁሉ በወረቀት ጻፋቸው። የትኛው በአንተ እንደሚቆይ፣ የትኛው ለሌላ እንደሚተላለፍ ሦስታችሁ ተነጋገሩ። በሳምንት ስንት ምሽት ቤት መሆን እንዳለብህ ግን መጀመሪያ እሷ ትናገር። አንተ ስማ፤ «ግን እኮ» አትበል። እሷ ያለችውን ይዘህ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አስተባባሪ ሂድና ርክክቡ የሚጠናቀቅበትን ቀን ቁረጡ።