አፕዴት እምቢ ያለው ክሮም

ጥያቄ፦ መሀል ሜዳ ላይ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለኝ። ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 7 ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ። ክሮም ላይ ሁለት ሦስት ፎርም ስከፍት ስታክ ያደርጋል። አፕዴት አይደረግም የሚል ጽሑፍም ያመጣል። አዲስ ብጭንበት ይፈጥናል ወይስ ይብሱን ይከብደዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍጥነቱና ደህንነቱ ለየቅል ናቸው። ከደህንነቱ ልጀምር፤ እሱ ላይ ድርድር የለኝም።

ሦስቷን ነጥብ ተጫኚና «ሄልፕ»፣ ቀጥሎ «አባውት ጉግል ክሮም» ግቢ። በ109 የሚጀምር ቁጥር ካየሽ መጨረሻው ደርሰሻል። ከ110 ጀምሮ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2023 ወዲህ፣ ክሮም ቢያንስ ዊንዶውስ 10 ይፈልጋል። ደጋግመሽ ብታወርጂ ዳታሽን መጨረስ ነው። «እኔ አፕዴት አደርግልሻለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅሽ ካለም አትስጪው።

ያረጀ ብሮውዘር ክፍተቱ በአደባባይ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ዌብፒ በሚባለው የፎቶ ዓይነት በኩል ክፍተት ተገኝቶ ነበር፤ ተንኮል ያለበትን ፎቶ መክፈት ብቻ ለጥቃት ይበቃ ነበር። ያንቺ ማሽን ደግሞ የሕዝብ ነው። ፓስፖርት ሊያመለክት የመጣ ሰው ኢሜይሉን ከነፓስወርዱ እዚያው ይጽፋል። ብሮውዘሩ ፓስወርድ ላስቀምጥ ሲልሽ ሁሌም እምቢ በይው።

ለጊዜው ፋየርፎክስ 115 ኢኤስአር የሚባለውን ብሮውዘር ጫኚ። ክሮም ዊንዶውስ 7ን ከተወ በኋላም የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ ለዚህኛው የደህንነት ማስተካከያ ሲልክ ቆይቷል፤ ማብቂያውንም ደጋግሞ አራዝሟል። ከራሱ ከሞዚላ ገጽ አውርጂ እንጂ በፍላሽ ከሰው አትቀበዪ። ይህ ግን መሸጋገሪያ ነው።

ወደ ፍጥነቱ ስንመጣ፣ ብሮውዘር መቀየር ብቻውን ብዙም አይፈይድልሽም። ክሮም እንደተከፈተ «ሺፍት»ና «ኤስኬፕ» አንድ ላይ ተጫኚ። እያንዳንዱ ታብና ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ስንት ሜጋ ራም እንደያዘ ይዘረዝርልሻል። የማታውቂው ኤክስቴንሽን ካለ አጥፊው፤ ብዙ ጊዜ ማሽን የሚያንቀራፍፈው ማን እንደጫነው የማይታወቅ ነገር ነው። ከዚያ ሲፒዩው (ሳጥኑ) ላይ ያለውን የሃርድ ዲስክ መብራት እዪ። ስታክ ሲያደርግ ያለማቋረጥ የሚበራ ከሆነ ራሙ ሞልቶ ዊንዶውስ ሃርድ ዲስኩ ላይ እየጻፈ ነው። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ለዚህ ሥራ ዘገምተኛ ነው።

ስለዚህ ብሩ ካለሽ መጀመሪያ ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስኩ ፋንታ የሚገባ ፈጣን ማከማቻ) ግዢ፣ ቀጥሎ ራሙን 8 አድርጊው። «ኮምፒውተር» የሚለውን ቀኝ ክሊክ አድርገሽ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ 32 ቢት የሚል ካገኘሽ ግን የምትጨምሪው ራም አይሠራልሽም፤ ዊንዶውሱ ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም። ኤስኤስዲው ሲገባ አብሮ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ይጫንበት። አዎ፣ የእሱም መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ግን የዚያን ዘመን ማሽን በደንቡ አይቀበልም። ክሮም ዊንዶውስ 10 ላይ አዳዲሱን ስለሚቀበል ካሁኑ በብዙ ይሻልሻል። ሥራሽ ብሮውዘር ላይ ብቻ ቢሆን በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጫኚ እልሽ ነበር፤ ፓወር ግዕዝን (በዊንዶውስ የሚሠራውን የአማርኛ መጻፊያ) ለለመደ ጸሐፊ ግን አልመክርም።

ወደ ደብረ ብርሃን ለባለሙያ የምትልኪው ከሆነ ሞኒተሩ ይቅር፤ ሲፒዩው ይበቃል። ዴስክቶፕ ላይ ያለውን የደንበኛ ፋይል አስቀድመሽ ገልብጪ። የፕሪንተርሽን ሞዴል ቁጥርም ጽፈሽ አብረሽ ላኪ፤ ለዊንዶውስ 10 ድራይቨር (ፕሪንተሩን የሚያሠራው ፕሮግራም) እንዳለው ሳይረጋገጥ ፎርማት እንዳያደርጉት።