በግድግዳ የሰማሁት ግማሽ ዘፈን

ሰሞኑን ቢሮአችን ለልምምድ የመጣች አንዲት ልጅ ስልኳን ይዛ ጠረጴዛዬ ጋ ቆመች። "ጋሼ፣ እርስዎ ጃፓን ነው አይደል የተማሩት?" አለችኝ። እሷና ጓደኞቿ ተመራቂ ክፍል (ጂሲ) ናቸው፤ የምርቃት ቪዲዮ እየሠሩ ነው። አኒሜ ስለምትወድ ቪዲዮው ላይ የጃፓን ዘፈን ልታስገባ አስባለች። "ሞራል የሚሰጥ፣ የምርቃት የሆነ፣ አንድ ይምረጡልኝ።"

ቀላል ጥያቄ ነው። እኔ ግን "ነገ" ብዬ ሸኘኋትና ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይሄን የምጽፈው ለዚያ ነው፤ ለሷም፣ በሷ ዕድሜ ላላችሁትም። አጥኑ፣ ሰዓት አክብሩ፣ እንግሊዝኛ አሻሽሉ የሚለውን አልደግምላችሁም። ሰምታችሁታል።

መጀመሪያ የጠየቀችኝን ልመልስ። ጃፓን ውስጥ የትምህርት ዘመኑ ማርች ላይ ያልቃል፣ ኤፕሪል ላይ ሌላው ይጀምራል። በመሀሉ ያለው ጥቂት ሳምንት ነው፤ የቼሪው ዛፍም በብዙ ቦታ የሚያብበው ያኔ ነው። ስለዚህ የምርቃት ዘፈናቸው ግማሹ ስንብት፣ ግማሹ "በርታ" ነው። አበባው ራሱ አይቀርም። ከ2003 እስከ 2006 (በፈረንጆቹ) ባለው ጊዜ ብቻ "ሳኩራ" (የቼሪ አበባ) የሚባሉ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ዘፈኖች በተለያዩ ዘፋኞች ወጥተው ተወደዱ። የዛርድ "ማኬናይዴ" አለ፣ 1993፣ "አትሸነፍ" ማለት ነው፤ እሱ ሩጫ ላይ ላለ ሰው ነው። የአንጄላ አኪ "ቴጋሚ" አለ፣ 2008፣ የ15 ዓመት ልጅ ለወደፊት ራሱ የሚጽፈው ደብዳቤ። ዘፋኟ በልጅነቷ ለራሷ የጻፈችውን ደብዳቤ እናቷ አስቀምጣ 30 ዓመት ሲሞላት ሰጠቻት፤ ዘፈኑ ከዚያ ነው የመጣው። የሬሚዮሮሜን "ማርች 9" ደግሞ ለጓደኛቸው ሠርግ የተሠራ ነበር፤ ተማሪዎች ወስደው የምርቃት አደረጉት።

አሮጌው "ሆታሩ ኖ ሂካሪ" ነው። ዜማው የስኮትላንድ ነው፤ በ1881 የጃፓን የትምህርት ቤት መዝሙር መጽሐፍ ውስጥ ገባ። አምስት ኖታ ብቻ ስላለው ለጃፓኖቹ ጆሮ እንግዳ አልሆነባቸውም። ለኔም አልሆነብኝ፤ አምስቱ የኛው የትዝታ ሜጀር ኖታዎች ናቸው። ሱቆችም ሊዘጉ ሲሉ ይሄንኑ ዜማ በዋልዝ ያሰሙታል። በሄድኩ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሱቅ ውስጥ ሰማሁትና ደስ ብሎኝ ካልሲ እየመረጥኩ ቆየሁ። ሰው ሁሉ ሲወጣ እኔ ቀረሁ። አንዲት ሠራተኛ ሦስት ጊዜ እጅ ነሳችኝ፣ እኔም ሦስት ጊዜ እጅ ነሳኋት። ውጣ ማለቷ መሆኑን የነገረኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ ማታ፣ መሬት ላይ እየተንከባለለ እየሳቀ።

እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ልጅ ነው።

በ2001 ነበር የሄድኩት፣ በጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ ሲቪል ምህንድስና። ከቶኪዮ በስተሰሜን ሳይታማ ውስጥ ግድግዳው ከካርቶን የማይሻል የእንጨት ቤት ተከራየሁ። አከራይዋ አሮጊት ስሜ ስለከበዳቸው "አበበ" ነበር የሚሉኝ። አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን ሲያሸንፍ ወጣት ነበሩ፤ ለሳቸው ኢትዮጵያዊ ሁሉ አበበ ነው። አልከፋኝም። ኪራይ ባዘገየሁ ቁጥር ያዳነኝ አበበ ነው።

ልጁ ግን "ኒይሳን" ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ስለ መኪና የሚያወራ መስሎኝ ነበር። ወንድም ጋሼ እንደማለት ነው። ዕድሜው 14፣ ኋላ 15። አባቱን መሥሪያ ቤቱ ፉኩኦካ ስለመደበው ብቻውን እዚያ ይኖራል፤ እናቱ ነርስ ናት፣ ብዙ ሌሊት ተረኛ። ማክሰኞና ዓርብ ማታ እንግሊዝኛ አስጠናዋለሁ፣ እናቱ ካሪ በሩዝ ትሰጠኛለች። ጃፓንኛ ያስተማረኝ በእውነቱ እሱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ያስተማረኝ ሰላምታ ነው።

በ2003 ከጃንዋሪ ጀምሮ ማታ ማታ በግድግዳው በኩል አንድ ዜማ ይሰማኝ ጀመር። ዜማ ካላችሁት። ዝቅ ያለ፣ አንድ ቦታ የሚቆም፣ ድንገት የሚዘል፣ ከዚያ ዝም የሚል ነገር። ልጁና የክፍል ጓደኞቹ ለምርቃታቸው የሚዘፍኑት በሦስት ድምፅ ነው፤ ሴቶቹ ሁለት፣ ወንዶቹ አንድ፤ ልጁ የሚለማመደው የወንዶቹን ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ተቀባዮቹን ብቻ ሰምቶ አውጪውን እንዳለመስማት በሉት። ሁለት ወር ሙሉ እሱን እየሰማሁ ተኛሁ። አንድ ቀን "ይሄ ምን ዓይነት የለቅሶ ዘፈን ነው?" አልኩት። ተናደደ። "ብቻውን አይደለም የሚያምረው፣ ሲደመር ነው። መጥተህ ስማው" አለኝ።

ከዚያ ሁለቴ የታጠፈ የጥሪ ወረቀት አመጣ። ለአንድ ተማሪ ሁለት ወንበር ነው የተያዘው። አባቱ ፈቃድ አላገኘም። አንዱ ወንበር የእናቱ ነው፤ ሌላውን ምን እንደሚያደርገው አልነገረኝም፣ ወረቀቱን ብቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እመጣለሁ አልኩ። የኛን "እሺ" ታውቁታላችሁ፣ እሱን ነበር በጃፓንኛ ያልኩት። እዚያ ቋንቋ ውስጥ ግን ሲገባ ሌላ ነገር ይሆናል። ልጁ "ይመጣል" ብሎ ያዘው።

በምርቃቱ ቀን ዘጠኝ የኮንክሪት ሲሊንደር፣ ተሰብረው ጥንካሬያቸው የሚለካ ናሙናዎች፣ 28 ቀን ሞላቸው። መሐንዲስ የሆናችሁ ይገባችኋል፤ የ28 ቀን ጥንካሬ በ29ኛው ቀን አይለካም። ግን የሞላኋቸው እኔ ነኝ፤ ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጥሪው ሲመጣ ቆጥሬ አውቄዋለሁ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ ጓደኛዬን ስበርልኝ ብዬው ኖሮ በደስታ ይሰብርልኝ ነበር። አላልኩትም። በማንም እጅ ማመን አልፈለግኩም፣ ደግሞ የልጆች ምርቃት ነው ብዬ ናቅኩት፣ እውነቱ ይሄ ነው። ሥነ ሥርዓቱ 4 ሰዓት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ገባሁ፤ ዘጠኙን ሰብሬ በሳይክል እደርሳለሁ ብዬ። አራተኛዋ አናቷ በደንብ አልተስተካከለም ነበር፣ ጥግ ጥጓን በልቶ ሰበራት። ማሽኑን አቁሜ የቀሩትን አናት እንደገና አስተካከልኩ። ቀና ስል 5 ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ስደርስ የስፖርት አዳራሹ በር ተከፍቷል። ቀይና ነጭ መጋረጃው ግማሹ ወርዷል። ታናናሾቹ ተማሪዎች ወንበር እያጠፉ ይደረድራሉ፣ ቻክ፣ ቻክ፣ ቻክ። የኔ የትኛው እንደነበር አላውቅም። ልጁና እናቱ በሩ ላይ ፎቶ እየተነሱ አገኘኋቸው። እናትየው "ሥራ እያለብህ እንዲህ መምጣትህ" ብላ አመሰገነችኝ፣ የኔ እጅ ደግሞ ሲሚንቶ ነው። ልጁ እጅ ነሳኝ። በደንብ፣ ከወገቡ።

ኤፕሪል ላይ ሁለተኛ ደረጃ ገባ። አዲሱን ዩኒፎርም ለብሶ ደረጃው ላይ ተገናኘን። ስሜን ጠራኝ፣ ከነ "ሳን"ዋ (እንደኛ "አቶ" ናት)፣ ከዚያ በአክብሮት ቋንቋ "እንዴት አደሩ" አለኝ። ኒይሳን ቀረ። አማርኛ ተናጋሪ በመሆናችሁ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም። አንተ ሲላችሁ የኖረ ልጅ አንድ ጠዋት እርስዎ ሲላችሁ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ስድብ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሌላ ዓመት እዚያው ኖርኩ፤ ማክሰኞም ዓርብም አልመጣም፣ እኔም አልጠራሁትም። ካሪው ግን አንዳንዴ በር ላይ ይቀመጥልኝ ነበር።

የዘፈኑን ታሪክ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። "ታቢዳቺ ኖ ሂ ኒ" ይባላል፣ "በመነሻው ቀን"። የተሠራው እዚያው ሳይታማ ውስጥ፣ ቺቺቡ በሚባል በተራራ የተከበበ ከተማ፣ በ1991 ነው። የካጌሞሪ መለስተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህርት ሂሮሚ ሳካሞቶ ርዕሰ መምህሩን ኖቦሩ ኮጂማን ግጥም ጠየቀቻቸው። እኔ አልችልም አሉ። በማግስቱ ግጥሙ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ዜማው ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። አስተማሪዎቹ ለተመራቂዎቹ ድንገተኛ ስጦታ አንድ ጊዜ ሊዘፍኑት ብቻ ነበር። ከዚያ ግን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየተላለፈ አገሩን አዳረሰ። ለአንድ ቀን የተሠራ ነገር ነው፤ እኔ ያንን አንድ ቀን አጣሁት።

የናንተን ምርቃት ሳይ ደግሞ ደሜ ይፈላል፣ ልደብቃችሁ አልችልም። ፈተናው ሳያልቅ ጋውን ለብሶ ስቱዲዮ። ዲጄ፣ ዲኮር፣ ሦስት ዓይነት ልብስ። አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ የሚሰማ የለም፤ አብሮ የሚዘፍንማ ጭራሽ። ጃፓኖቹ ቃሉን "ሥራን መጨረስ" ነው የሚሉት፤ የኛ ቃል "መመረቅ" ነው፣ ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚያደርገው ነገር። አሁን ማነው መራቂው? ካሜራማኑ?

ግን ይሄን የምላችሁ እኔ ማን ሆኜ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የሳይት ልጅ የእህቱን ምርቃት ብሎ ፈቃድ ጠየቀኝ። ስላብ የሚሞላበት ቀን ነበር። "ኮንክሪት አይጠብቅም" ብዬ ከለከልኩት። ያ ሁሉ አልፎብኝ። ዛሬም ቢጠይቀኝ ምን እንደምለው እርግጠኛ አይደለሁም፤ ስላብ መሀል ላይ አይቆምማ። የዘጠኙ ሲሊንደሮች ውጤት ግን መመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ እንኳ አልገባም፤ ቅይጡን ኋላ ቀየርነው።

ትናንት ሌሊት ባለቤቴ ከተኛች በኋላ ዩቲዩብ ላይ የልጆች መዘምራን ሲዘፍኑት አገኘሁ። የማውቀው ከታች ያለውን ብቻ ነው፤ ላዩን ለማዳመጥ ብሞክርም ጆሮዬ እየወረደ እሱን ይፈልጋል። እውነቱን ነው፣ ሲደመር ያምራል። ያ ልጅ አሁን 37 አካባቢ ነው።

ዛሬ ጠዋት ለልጅቷ ላክሁላት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሳ መጣች። "ጋሼ በጣም ያምራል፣ ግን ረዘመብኝ። ለቪዲዮው 30 ሴኮንድ ብቻ ነው የምፈልገው፤ ከየት ልቁረጠው?"

ወንዶቹ ከሚገቡበት ጀምሪ አልኳት።