ቀረጥ ቢነሳ እናድጋለን? ስለ ቀጣናዊ የኢኮኖሚ ትስስር ጥያቄና መልስ

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ከጎረቤት አገሮች ጋር ያለው ቀረጥ ቢነሳ ኢኮኖሚያችን ያድጋል?

መልስ፦ ቀረጥ ማንሳት ብቻውን አያሳድግም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ያከስራል። አንድ ዕቃ ከቻይና በ100 ብር ይገባል እንበል፤ 20 ብር ቀረጥ ሲጨመርበት 120 ይሆናል። ያው ዕቃ ከጎረቤት አገር ቢመጣ 110 ብር ያወጣል። የጎረቤቱን ቀረጥ ብቻ ብናነሳ ነጋዴው ፊቱን ወደዚያ ያዞራል። ገዢው 10 ብር ያተርፋል፣ መንግሥት 20 ብር ያጣል፤ አገር በእያንዳንዱ ዕቃ 10 ብር ከሰረች ማለት ነው። ኢኮኖሚስቱ ጃኮብ ቫይነር ይህንን በ1950 አስረድቶታል፤ የትስስር ሰባኪዎች ግን ሲያነሱት ብዙም አልሰማም። ትርፍ የሚገኘው ጎረቤት ከእኛ ባነሰ ወጪ የሚያመርተውን ስንገዛው፣ እኛም በተራችን የምንሸጥለት ሲኖረን ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የኬንያና የግብፅ ፋብሪካዎች አይውጡንም?

መልስ፦ ስጋቱ የዋዛ አይደለም። ኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ) ነፃ የንግድ ቀጣናውን በ2000 ሲጀምር ኬንያና ግብፅ ገቡበት፤ ኢትዮጵያ የኮሜሳ አባል ሆና ሳለ ከነፃ ንግዱ ውጭ ቆየች። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትን ግን በ2019 አጽድቀናል። በዚህ ስምምነት ከዕቃ ዓይነቶች የ90 በመቶው ቀረጥ ቀስ በቀስ ይነሳል፣ 7 በመቶው ጥንቃቄ የሚሻ ተብሎ ይዘገያል፣ 3 በመቶው ጨርሶ አይነካም። እኔ የምፈራው የተሰጡንን ዓመታት ፋብሪካዎቻችንን ሳናጠናክር እንዳንጨርሳቸው ነው።

ጥያቄ፦ የቻይና ዕቃ የኬንያ ተብሎ ቢገባስ?

መልስ፦ የስሪት አገር ደንብ፣ ማለትም ዕቃው የየትኛው አገር ምርት ተብሎ እንደሚቆጠር የሚወስነው ደንብ፣ የተጻፈው ለዚሁ ነው። የምስክር ወረቀቱን ማኅተም በትክክል ማጣራት የጉምሩክ ሠራተኛው ፈንታ ነው።

ጥያቄ፦ በጀቱስ አይጎዳም?

መልስ፦ ንግዱ ከላይ እንዳልኩት ካልዞረ በቀር ብዙም አይጎዳም። የምናስገባው በአብዛኛው ከአፍሪካ ውጭ ነው።

ጥያቄ፦ እስካሁን በተግባር የጠቀመን ትስስር አለ?

መልስ፦ ኤሌክትሪክ! ለጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ እንሸጣለን፤ ለኬንያ ደግሞ ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በተዘረጋ መስመር ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ። በእኔ ሚዛን ይህ መስመር ከየትኛውም የቀረጥ ሠንጠረዥ ይበልጣል፤ የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል፣ ገዢውም በቀላሉ ጥሎን አይሄድም። (ብዙ የገጠር ቤት ገና በኩራዝ እያመሸ መሸጣችን የሚያስቆጣችሁ አላችሁ፤ ቁጣው ተገቢ ነው።) በሌላ በኩል ከ90 በመቶ የሚበልጠው የውጭ ንግዳችን በጅቡቲ በኩል ያልፋል። እዚያ ኮንቴይነር በዘገየ ቁጥር ወጪው መርካቶ ላይ ዋጋ ሆኖ ይመጣል።

ጥያቄ፦ እናቴ ሞያሌ ላይ በችርቻሮ ትነግዳለች። እርሷ ምን ታገኛለች?

መልስ፦ ከቀረጡ ይልቅ የወረቀቱ ነገር ይወስነዋል። ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገር ሠራተኞች አብረው የሚሠሩበት የጋራ ኬላ ተሠርቷል። በኮሜሳ ውስጥ፣ ለምሳሌ በዛምቢያና በማላዊ መካከል፣ አነስተኛ ነጋዴ በቀላል ቅጽ ድንበር የሚሻገርበት አሠራር አለ። ለእናትዎ የሚበጃት ይኸው ነው። ቀረጡ ዜሮ ቢሆንም እንኳ የስሪት አገር ምስክር ወረቀት ፍለጋ አዲስ አበባ መመላለስ ካለባት ኮንትሮባንዱ ይቀላታል።